ከደብረ ታቦር እስከ አንቺም

የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት መካከል ቆሟል። ደጋው የገብስ አገር ነው፤ ገብስና ሣር ያለበት ደጋ ደግሞ ፈረስ አያጣም። ከነፋስ መውጫ ወደ ምሥራቅ ጨጨሆን አልፈው ወደ ዘቢጥ ሲወጡ ለግልቢያ የተመቸ ሜዳ ያገኛሉ። ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ሲወርዱ ግን መሬቱ በድንገት ይቆረጣል። ገደሉ ይጀምራል፤ እዚያ ፈረስ ከነጌታው ይቸገራል፣ በቅሎና አህያ የተሻለ ይራመዳሉ። በዚህ ምድር የተዋጉ መኳንንት ሁሉ ሜዳውንም ገደሉንም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እያወቁ የወሰኑት ውሳኔ ነው እዚህ የምተርከው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገሬው ሰው። ከ1834 እስከ 1922 ዓ.ም. ባሉት 88 ዓመታት ይህን ምድር በሚያጠቃልለው በበጌምድር የሆነውን ስከታተል ይህ አባባል ደጋግሞ ይመጣብኛል። ፈረሱ በየጊዜው ጌታውን ካሰበው ቦታ አድርሶታል። ጥፋቱ የመጣው ጌታው ከደረሰ በኋላ፣ ወይም ከመነሣቱ በፊት፣ በወሰነው ነገር ነው።

በዚያ ዘመን አንድ መኮንን በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የወሎው ሚካኤል አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር። ለመንገድ ሰጋር በቅሎ ይቀመጣሉ፤ ፈረሱ ግን ኮርቻው ላይ ግላስ ለብሶ፣ በአሽከር እየተሳበ ከጎን ይሄዳል፤ ጉልበቱ ለጦርነትና ለጉግስ ቀን ይጠበቃል። የቤተ መንግሥቱ ፈረስና በቅሎ ኃላፊ ባልደራስ ይባላል። ባላገሩ ደግሞ በዚህ ሁሉ ውስጥ የራሱ ድርሻ ነበረው፦ ለሰፈረው ጦር ድርጎ ያወጣል፣ ለፈረሱ ገብስ ይሰፍራል፣ ጦሩ በሌላ ጦር ከተሸነፈ ደግሞ ለአሸናፊው እንደገና ይሰፍራል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ይህን ዕዳ ከአንድ ጊዜ በላይ ከፍሏል። ስለ መኳንንቱ ስንጽፍ ይህን ገበሬ መርሳት የለብንም ብዬ አምናለሁ፤ ውሳኔው የእነርሱ፣ ሒሳቡ የእርሱ ነበርና።

ታሪኩ በ1834 ዓ.ም. ይጀምራል። ደብረ ታቦር ያኔ የየጁ ራሶች መናገሻ ነበረች፤ የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው። በጎንደር ዙፋን ላይ ስም ብቻ የቀረለት ንጉሠ ነገሥት ተቀምጦ፣ የአገሩን ሥልጣን የያዙት በልጅነታቸው ለእንደራሴነት የበቁት ራስ አሊ ነበሩ። የአሊ ኃይል ፈረሰኛ ነው። በየጁና በወሎ ደጋ የለመደው ፈረሰኛ በሜዳ ላይ ሲወርድ የሚያቆመው አልነበረም። ተቀናቃኛቸው የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ውቤ በምፅዋ በኩል የሚገባውን ጠመንጃ ሰብስበዋል፤ መድፍም ነበራቸው። ከግብፅ በቅርቡ የመጡትን አቡነ ሰላማን ከጎናቸው አሰልፈው፣ ከጎጃም የብሩ ጎሹን ድጋፍ አግኝተው ወደ ደብረ ታቦር ገሰገሱ።

ጥር መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጦሮች ገጠሙ። የውቤ ጠመንጃና መድፍ የአሊን ፈረሰኛ በተነው። ራስ አሊ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው፤ ሜዳውን ትተው ሸሹ። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ብዙ ፈረሰኛ ያለው ሰው ከሚሸነፍበት ስፍራ ፈቀቅ ብሎ ጦሩን እንደገና የማሰባሰብ ዕድል አለው፤ የፈረስ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። አሊ ግን ፈረሱን ለማምለጥ ብቻ ተጠቀሙበት።

ውቤ ደግሞ ከዚህ የባሰውን ሠሩ። ድል አደረግሁ ብለው ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። ሠራዊታቸው ምርኮውን ሊከፋፈል፣ ሊበላና ሊጠጣ ተበተነ። የሸሸውን የሚያሳድድ፣ ዙሪያውን የሚቃኝ፣ ሌሊቱን የሚጠብቅ በቂ ሰው አላቆሙም። ከአሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ይህን አይተው በድንገት ደረሱና ውቤን ከነድንኳናቸው ማረኩ። ሸሽተው የነበሩት ራስ አሊ ድል የእርሳቸው መሆኑን ለማመን እንኳ ተቸግረው ነበር ይባላል። ውቤ በኋላ ዋጋ ከፍለው ተፈቱ፤ ግዛታቸውንም መልሰው አገኙ። በአንድ ቀን ሁለቱም ጌቶች ተሳስተዋል፤ አንዱ ቶሎ በመሄድ፣ አንዱ ቶሎ በመቀመጥ። አገሩን ያዳነውም ያተረፈውም ነገር አልነበረም፤ የመሳፍንቱ ጦርነት ከአሥር ዓመት በላይ ቀጠለ።

በዚህ መካከል ከቋራ የተነሡት ካሳ ኃይሉ ነበሩ። ካሳ ፈረሰኛ ናቸው፤ በልጅነታቸውም በሽፍትነታቸውም ጊዜ ጉልበታቸው ግልቢያና ድፍረት ነበር። በ1840 ዓ.ም. ግን ወደ ምዕራብ ወርደው ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጦር ጋር ተዋጉ። የግብፆቹ ጦር ቁጥሩ ጥቂት ሆኖ በምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ መድፍና ሥርዓት የያዘ ተኳሽ ነበረው። የካሳ ሰው በግምባር ሮጦ ወረደበት፤ መድፉም አጨደው። ካሳ ተሸንፈው ተመለሱ። ይህ ሽንፈት ካሳን ለወጣቸው። ወታደራቸውን በሥርዓት ለማሠልጠን፣ መድፍና መድፍ የሚሠራ ሰው ለማግኘት ያደረባቸው ጉጉት ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቃቸውም። የበጌምድር ሰው የዚህን ጉጉት ውጤት ከሃያ ዓመት በኋላ በጋይንት መንገድ ላይ ያየዋል።

ካሳ መሳፍንቱን በተራ ደመሰሱ። ኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ጎሹ ዘውዴን፣ ሚያዝያ 1845 ታቁሳ ላይ ብሩ አሊጋዝን አሸነፉ፤ ውቤን በድንኳናቸው የማረኩት ብሩ አሊጋዝ በታቁሳ ሞቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አይሻል ሜዳ ላይ ከራስ አሊ ጋር ገጠሙ። የአሊ ተስፋ እንደገና ፈረሰኛው ነበር። ውጊያው ከባድ ሆነ፤ በመጨረሻም አሊ ሸሹ፤ በዚህኛው ሽሽት ግን ድሉን መልሶ የሚያመጣላቸው ብሩ አሊጋዝ አልነበረም። የየጁ ራሶች ዘመን በዚህ አበቃ። በየካቲት 1847 ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ተሸነፉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው በደረስጌ ማርያም ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ማዕከል አደረጉ፤ ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ሠራተኞችን አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። ከሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ነው። ይህ መድፍ ሲጠናቀቅ ንጉሡ የነበራቸው አገር እጅግ ጠቦ ነበር። በየአውራጃው ሽፍታ ተነሥቷል፤ ጎንደር ከተማ በራሳቸው ትእዛዝ ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ በጌምድርም በዘመቻና በቀለብ ተራቁቷል። ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በታሰሩት ቆንሲልና ሚሲዮናውያን ምክንያት የተነሣው ጠብ ደግሞ ጦር እየጎተተ ነበር።

መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ተነሡ። ፈጣን ፈረሰኛ ይህን መንገድ በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። እርሳቸው ግን ሴባስቶፖልንና ሌሎች መድፎችን ጥለው መሄድ አልፈለጉም። መድፉ ደግሞ በመንኮራኩር ላይ ሆኖ በመቶ በሚቆጠር ሰው ካልተጎተተ አይንቀሳቀስም፤ ከፊቱም መንገድ መቆረጥ አለበት። ስለዚህ ሠራዊቱ መንገድ ጠራጊ ሆነ። በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥ፣ በቤተ ሖር እያሉ ድንጋይ እየፈለጡ፣ አቀበቱን እያለሰለሱ፣ በቁልቁለቱ መድፉን በጠፍር እየያዙ አወረዱት። ንጉሡ ከፈረስ ወርደው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ጅጣ ወንዝ ገደል ላይ ሲደርሱ ሥራው ሁሉ ከዚያ በፊት ከነበረው የከፋ ሆነ፤ ከዚያ ደላንታ፣ ከዚያ በሽሎ። መቅደላ የደረሱት ወደ ስድስት ወር ከሚጠጋ ጉዞ በኋላ ነው።

ይህን ጉዞ በአድናቆት ብቻ የሚያወሩ አሉ፤ እኔም የመንገዱን ሥራ አደንቃለሁ። ነገር ግን ውሳኔው እንደ ውሳኔ ሲመዘን ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። በጋይንት ደጋ ባለፈው ጦር የተራበው ገበሬ ነው፤ ጦሩም በየቀኑ በከዳተኛ እየሳሳ ሄደ። በዚያው ወራት የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር በዙላ በኩል ወርዶ፣ መድፎቹን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ አስመጥቶ ወደ ደቡብ ይገሰግስ ነበር። የሁለቱ ሩጫ መድረሻ አንድ ነው፤ መቅደላ። ናፒየር ወደ ዋድላ ሲደርስ አፄ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል የቆረጡትን መንገድ አገኘ፤ ጅጣንና በሽሎንም በዚያው ጠረጋ ተሻገረ። በጋይንትና በዋድላ ሰው ጉልበት የተሠራው መንገድ ጠላትን አደረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ የንጉሡን ጦር ከመቅደላ ወደ አሮጌ ሜዳ ይዘው ወረዱ። ዘመናዊ ጠመንጃ ከፊት ጠበቃቸው፤ ገብርዬ ከብዙ ሰው ጋር ሞቱ። ከደባርቂ ሽንፈት በኋላ ሃያ ዓመት ያህል አልፎ፣ ንጉሡ ስለ ምሽግና ስለ ተኩስ የተማሩት ትምህርት በዚያ ቀን አልጠቀማቸውም። የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6፣ አፄ ቴዎድሮስ ከጥቂት መኳንንት ጋር በእስላምጌ ሜዳ ወደ እንግሊዞቹ ግምባር ወጡና እየጋለቡ አንድ ለአንድ የሚገጥማቸው ሰው ጠሩ። የመጣ አልነበረም። በዚያው ቀን በራሳቸው እጅ ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በፍጥነት አልፈዋለሁ፤ አንድ ነጥብ ግን ላነሣ ይገባል። መስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተነሡ፤ በጥቅምት አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ወጡ። የወሎ ፈረሰኛ በዓድዋም የተመሰገነ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ድል አድርገው ገደሉ። ወዲያው ግን አልገፉም። በቆዩባቸው ቀናት የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ሰበሰቡ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። በሰሜንና በወሎ ላሉ ባለ ፈረሶች ይህ ቀን ትምህርት ሊሆን ይገባው ነበር፤ የፈረሰኛ ድፍረት ጊዜውን ካሳለፈ በኋላ በጥይት ፊት ብዙ አይቆይም።

የሰገሌን ውጤት ከሩቅ ሆነው ካዩት ሰዎች አንዱ ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ። ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ናቸው። በ1834 በድንኳናቸው የተማረኩት ደጃዝማች ውቤ የእቴጌ ጣይቱ አጎት ነበሩ፤ ስለዚህ ጉግሣ ከዚያ ቤት የወጡ ሰው ናቸው። የአፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አግብተው በጌምድርን ገዝተዋል። ለቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ለሊቃውንት ያላቸው ፍቅር በሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰከርላቸዋል። የእቴጌ ጣይቱ ሥልጣን በ1902 ሲወድቅ እርሳቸውም ተይዘው ነበር። ዘውዲቱ በ1909 ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ ደግሞ የሸዋ መኳንንት ባልና ሚስቱን ለዩአቸው፤ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ፣ ባልየው ደብረ ታቦር። ፍቺው የፖለቲካ ነበር። ጉግሣ ባል ሆነው ቢቀጥሉ ዙፋኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ሁሉም ያውቅ ነበር። በዚህ ነገር የተጎዱት ሰው ናቸው፤ ቂማቸውን ለመረዳት አይከብደኝም። ቂም ግን ጦር ለማንቀሳቀስ በቂ ምክንያት አይደለም።

አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን በአዲስ አበባ እየበረቱ ሄዱ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ለሰሜኑ መኳንንት ይህ ዘመን የሥልጣን መቀነስ ብቻ አልነበረም፤ ተፈሪ ወደ ፈረንጅ አዘንብለዋል፣ ሃይማኖት ሊያፈርሱ ነው የሚል ወሬም በየገበያው ይነዛ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የነዳት ፖቴዝ 25 አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈች። ደብረ ታቦር ላይ ይህ ዜና እንዴት እንደ ተሰማ መገመት ይቻላል፤ የፈረስ አገር ሰው ስለ አውሮፕላን የሚሰማው ነገር ወሬ ብቻ ነው፤ የሚያየው ሲመጣበት ነው።

በዚያው ጊዜ የራያና አዘቦ ሰዎች ዐመፁ። ራስ ጉግሣ ዐመፁን እንዲያበርዱ ታዘዙ። ዐመፁ አልበረደም፤ እንዲያውም ጉግሣ ከዐመፀኞቹ ጋር ተስማምተዋል የሚል ጥርጣሬ መጣ። ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ተጠሩ፤ አልሄዱም። ከዚህ በኋላ ለሰላም የቀረው መንገድ እየጠበበ ሄደ። የጦር ሚኒስትሩ፣ በኋላ ራስ የተባሉት ሙሉጌታ ይገዙ፣ ደሴ ላይ ጦር አከማቹ። ንግሥት ዘውዲቱም ራሳቸው የቀድሞ ባላቸው እንዲመለሱ ደጋግመው አዘዙ። ጉግሣ ግን ጦራቸውን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ተንቀሳቀሱ።

በዚህ ውሳኔ ላይ ቆም ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ ከዚህ የተከተሉ ይመስለኛል። ጉግሣ በዚያን ጊዜ ሦስት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ሽማግሌና ቤተ ክርስቲያን አስገብቶ መታረቅ ነው፤ በዚያ ዘመን ከዚህ የከበደ ጠብም በዚህ መንገድ ይበርድ ነበር። ሁለተኛው በአገራቸው መቆየትና ሌላው መኮንን ምን እንደሚያደርግ ማየት ነው። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ አልተነሡም፤ የትግራዩ ራስ ሥዩም አልተነሡም፤ በስሜን ያሉት ደጃዝማች አያሌው ብሩም ከጎናቸው አልቆሙም። ማንም ካልተነሣ የራስ ጦር ብቻውን ምን ያደርጋል? ሦስተኛው የገደሉን አገር መጠቀም ነው። ጨጨሆ በሁለት ሸለቆዎች መካከል የምታልፍ ጠባብ መተላለፊያ ናት፤ ከኋላዋ ደግሞ የጋይንትና የስማዳ ሸለቆዎች አሉ፤ ከሜዳ ይልቅ ለተከላካይ ያደላሉ። ጉግሣ ሦስቱንም ትተው ጨጨሆን አልፈው ወደ ሜዳው ወጡ፤ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ያሉ ይመስላል።

በጉግስ ጨዋታ አንድ ነገር አለ። የሚያባርረው ፈረሰኛ ዘንጉን ወርውሮ በጊዜ ካልዞረ፣ ከተቃራኒው ወገን ያረፉ ፈረሶች ይወጡና እርሱ ራሱ ተባራሪ ይሆናል። ጥሩ ጉግስ ተጫዋች የሚታወቀው በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ልጓሙን በሚስብበት ቦታ ነው። ራስ ጉግሣ ይህን ጨዋታ ከልጅነት ጀምሮ ባዩበት አገር ልጓሙን ሳይስቡ ቀሩ።

ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላን በጉግሣ ሰፈር ላይ እየበረረ ወረቀት በተነ። ወረቀቱ ዐዋጅ ነው፤ ከዐመፀኛው ተለዩ የሚል። የጳጳሳቱን ውግዘት የያዘም ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ጾም ላይ ያለ ወታደር፣ ከሰማይ የወረደ ውግዘት እጁ ላይ ሲያርፍ ምን ይሰማዋል? ብዙ ሰው ጦሩን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ይህ የፖለቲካ ሥራ በጥይት ከተደረገው ይበልጥ የበጌምድርን ጦር ያፈረሰ ይመስለኛል። ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያላቸው ፍቅር የሚመሰከርላቸው መሪ በቤተ ክርስቲያን ቃል ተመቱ።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ሰኞ፣ በገብር ኄር ማግስት፣ አንቺም ላይ፣ በዘቢጥ ሜዳ፣ ሁለቱ ጦሮች ገጠሙ። አውሮፕላኖቹ በዚህ ቀን ቦምብም ጣሉ። አውሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር በጦርነት ላይ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነው። ቦምቡ የገደለው ሰው ቁጥር ከድንጋጤው ያነሰ ነበር። የፈረስ ጠባይ ከሁሉ በፊት ይህን ያሳያል፦ ከላይ የሚወርድ፣ አይቶት የማያውቀው ድምፅ ሲመጣበት ልጓም አይይዘውም፤ ፈረስ ሲደነግጥ ሰልፍ ይፈርሳል፤ ሰልፍ ሲፈርስ እግረኛው ከፊት ማን እንዳለ አያውቅም። የሙሉጌታ ጦር ከዚያ በኋላ ከበባቸው። ራስ ጉግሣ አልሸሹም፤ በፈረሳቸው ላይ እያሉ ተመትተው እንደ ወደቁ ይተረካል። መሪው ሲሞት ጦሩ ተፈታ።

ራስ ጉግሣ ጀግና ነበሩ? አዎ፣ ነበሩ። ራስ አሊ ሁለት ጊዜ ሸሽተዋል፣ ጉግሣ አንድም ጊዜ አልሸሹም። ጀግንነታቸውን የሚያነሡ የጋይንትና የደብረ ታቦር ሰዎች ትክክል ናቸው። ግን በዚያ ቀን በሜዳው የቀረው ሰው ሁሉ ከጌታው ጋር ለመሞት የመረጠ አልነበረም። ከጋይንትም፣ ከስማዳም፣ ከእስቴም፣ ከፋርጣም የክተት ነጋሪት ስለ ተመታ የመጣ ገበሬ ነበር፤ ለቤቱ ብቸኛ የሆነውን ፈረስ ወይም በቅሎ ይዞ የመጣም ነበር። ይህ ሰው የጉግሣና የተፈሪ ጠብ ባለቤት አልነበረም። ክብር ለጌታው ሲሰጥ፣ ለዚህ ሰው ደግሞ ፍርድ ሊሰጠው ይገባል፤ የእኔ ፍርድ የሚከተለው ነው፦ ከጥሪው በኋላ እርቅ አለመቀበል ስሕተት ነበር፤ ብቻውን መነሣት ከዚያ የባሰ ስሕተት ነበር፤ ጨጨሆን አልፎ ሜዳ መውጣት ደግሞ የመጨረሻው ነበር።

ንግሥት ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን፣ ከጦርነቱ ሁለት ቀን በኋላ፣ በጾሙ ውስጥ ዐረፉ። ታመው ነበር፤ የጉግሣ ሞት ወሬ ደርሷቸው ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ንጉሥ ተፈሪ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸው ታወጀ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በጌምድር ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጠ፤ ልጃቸው ወንድወሰን ካሣም ገዙት። በጌምድርን እናገኛለን ብለው ተስፋ ያደረጉት ደጃዝማች አያሌው ብሩ ቅር ተሰኙ።

ዘቢጥ ላይ ድል ያደረጉት ሙሉጌታም ከስድስት ዓመት በኋላ በሌላው ወገን ሆነው አውሮፕላንን አዩት። በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር አምባ አራዶም ላይ ተዋግተው፣ ተሸንፈው ሲያፈገፍጉ ከሰማይ ያለማቋረጥ ተደበደቡ፤ ከምድር ደግሞ የራያና አዘቦ ሰዎች ያጠቋቸው ነበር። የካቲት ላይ በዚያው ማፈግፈግ ውስጥ ሞቱ።

የበጌምድር ፈረስ ዛሬ ለጦር አይወጣም። በደብረ ታቦር ጥር 25 ቀን በቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ፈረሰኞች ጉግስ ይጫወታሉ፤ በየገጠሩም ለሠርግና ለንግሥ ይጋልባሉ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በየቀኑ አውቶቡስና የጭነት መኪና ያሳልፋል፤ ተሳፋሪው ከ1860ው የመድፍ መንገድና ከ1922ቱ የጦር ሜዳ አጠገብ እያለፈ መሆኑን የሚነግረው ነገር እምብዛም አያገኝም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም በየቤታችሁ አረጋውያን ያሏችሁ አንባቢዎች፣ ከአባቶቻቸውና ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት እያሉ ድምፃቸውን ቅዱ፤ የፈረሱን ስም ብቻ ሳይሆን ፈረሱን ያወጣውን ገበሬ ስምና የወጣበትን ቀበሌም ጠይቁ።